ዙሪያውን ፈርጥ ያለው ቀለበት ለምን አይሰፋም? ከመግዛት በፊትስ ምን ይለካል?

ጥር የሠርግ ወር ነው። በጎንደርም የገና ጾም ሳይፈታ ቀለበት የሚያዙ ጥንዶች ከወርቅ ቤት ወርቅ ቤት ሲዞሩ ይከርማሉ። ከመስታወቱ ሥር ከተደረደሩት መካከል ዙሪያውን በደቃቅ ፈርጥ የተከበበው ቀለበት ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ጣት ላይ ሲያርፍም በየትኛውም ጎን ያበራል። ገበያው «ኢተርኒቲ» ይለዋል። ጣጣው የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ቀለበቱ ይጠብባል ወይም ይላላል፤ ባለቤቷ «እስቲ ትንሽ አስፋልኝ» ብላ ስትመለስ አንጥረኛው ራሱን ይነቀንቃል። ሰንፎ አይደለም። ቀለበቱ ሲሠራ የሚሰፋበት ቦታ አልተተወለትም።

ኢተርኒቲ የሚባለው የትኛው ነው?

መጠናቸውና አቆራረጣቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ፈርጦች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ቀለበት ነው። ፈርጡ ጣትን ሙሉ በሙሉ ከዞረ «ሙሉ ዙር» እንበለው፤ ከላይ ብቻ ሆኖ የመዳፉ በኩል ባዶ ወርቅ ከሆነ ደግሞ «ግማሽ ዙር»። በሁለቱ መካከል ሦስት አራተኛውን የሚሸፍንም አለ። ስሙ ዘላለም ማለት ነው፤ ክብ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም ከሚል።

ስሙ ይህን ያህል የገነነው በፍቅር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዴ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ ከሶቭየት ኅብረት የሚመጣ ብዙ ደቃቅ አልማዝ እጁ ላይ ስለነበረ፣ ደቃቆቹን የሚያሰልፍ ቀለበት ለቆዩ ባለትዳሮች ስጦታ አድርጎ ገፍቶ አስተዋወቀ። ፈርጡ ትንንሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለምን አይሰፋም?

ተራ የወርቅ ቀለበት ሲጠብብ አንጥረኛው በመዳፉ በኩል ይቆርጠዋል፣ ትንሽ ወርቅ ያስገባበታል፣ ይበይደዋል፣ ይሞርደዋል። ቁራጩ የገባበት ቦታ እንኳ አይታወቅም። ሙሉ ዙር ላይ ግን ባዶ ወርቅ የለም። የትም ቢቆረጥ ፈርጥ የተቀመጠበት ጎድጓዳ ይፈርሳል። ጥለቱ ዙሩን ሞልቶ የገጠመ መሶብ ያስቡ፤ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ «ሁለት ጣት ጨምሩበት» ቢባል የሚጨመርበት ቦታ የለም፣ ተፈትቶ እንደገና መሰፋት ነው።

«ታዲያ አንድ ፈርጥ ቢጨመርስ?» የሚል አይጠፋም። አንድ የአሜሪካ የቀለበት ቁጥር ማለት ዙሪያው ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ነው። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፈርጥ ከክፍተቱ ጋር የሚይዘው 2.1 ወይም 2.2 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የተጨመረው ፈርጥ ከሚፈለገው ቁጥር ጋር አይገጥምም፣ ያኛው ጎን ሲገጥም ይኼኛው ይከፈታል። በዘንግ ላይ አስገብቶ ቀጥቅጦ መሳብም ወርቁን ሲያረዝመው የፈርጦቹን ጎድጓዳ አብሮ ያሰፋዋል፤ ቀለበቱ ይሰፋል፣ ፈርጡ ግን በሳምንቱ ይረግፋል።

ከውስጥ መፋቅስ? ግማሽ ቁጥር ለማግኘት ከውስጠኛው ግድግዳ ዙሪያውን 0.2 ሚሊ ሜትር መፋቅ ያስፈልጋል። ቀለበቱ ወፍራም ከሆነ ይቻላል። ቀጭን ከሆነ የፈርጡ ሹል ታች ብቅ ብሎ ጣት ይወጋል። የላላን ማጥበብ ይቀላል፦ ከውስጥ በኩል ሁለት ትንንሽ የወርቅ ፍሬዎች በጥንቃቄ ይበየዳሉ፣ ወይም ስስ የወርቅ ሽፋን ይገባበታል።

እንግዲያው ግማሽ ዙር ይሻላል ማለት ነው?

ለአብዛኛው ሰው አዎ። ምክንያቱ መስፋት መቻሉ ብቻ አይደለም።

አንዲት ሴት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታ ስታነሳ እጇን እንመልከት። 20 ኪሎው ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው በጣቶቿ ሥር፣ ቀለበቱ መዳፍ የሚነካበት ቦታ ላይ ነው። የጀሪካኑ እጀታ ቀለበቱን ከመዳፉ በኩል ይጫነዋል፤ ክቡ ቀስ በቀስ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ለተራ ቀለበት ይህ ምንም አይደለም፣ አንጥረኛው በዘንግ ላይ አስገብቶ በእንጨት መዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ይመለሳል። ሙሉ ዙር ላይ ግን ክቡ በተጣመመ ቁጥር ፈርጦቹን የያዘው ወርቅ በአንድ በኩል ይከፈታል፣ በሌላው ይጨመቃል። ዘነዘና ጨብጦ ቡና መውቀጥ፣ የባጃጅ ብረት መያዝ፣ የመጥረጊያ እንጨት፣ የሚኒባስ በር፣ ሁሉም የሚመቱት የመዳፉን በኩል ነው። ማንም የማያያቸው የታች ፈርጦች ከሚታዩት የላይኞቹ ይበልጥ ይደበደባሉ።

የዋጋውን ነገር ደግሞ እንቁጠረው። የውስጥ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት በ2 ሚሊ ሜትር ፈርጥ ሙሉ ዙር ቢሠራ 29 ገደማ ፈርጥ ይወስዳል፤ ግማሽ ዙሩ 14 ወይም 15። ከፈርጡ ገንዘብ ግማሹ የሚከፈለው መዳፍ ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር ነው።

ግማሽ ዙርም የራሱ አመል አለው። ትንሽ ከላላ ይሽከረከራል፣ ፈርጡ ወደ መዳፍ ይገለበጥና ባዶው ወርቅ ከላይ ይቀራል። ሙሉ ዙር ቢሽከረከርም አይታወቅበትም፤ ወዳጆቹ የሚመርጡት በዚህ ነው። ሙሉ ዙር ካልሆነ አይሆንልኝም ለሚል ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። ሲሠራ በመዳፉ በኩል ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ባዶ ወርቅ ይተውለት። ጣት ላይ ሲሆን አይታይም፤ አንጥረኛው ግን ነገ የሚቆርጥበት ቦታ አገኘ።

ጣት መቼና እንዴት ይለካል?

የማይሰፋ ነገር ሲገዛ ልኬቱ ነው ሁሉ ነገር። ጣት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጎንደር ላይ ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ ሲኖር ጣት ይኮማተራል። ከሰዓት በኋላ፣ ጨው የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ፣ ብዙ ከተሄደ በኋላ ያብጣል። ወደ መተማ ቆላ የወረደ ሰው ጎንደር ላይ ልክ የነበረው ቀለበት እንቅ ሲያደርገው ያገኘዋል። በብርድ ጠዋት ተለክቶ የተሠራ ቀለበት በሠርጉ ቀን ከሰዓት፣ እስክስታው ሲሞቅ ጣት ማነቁ አያስገርምም።

ስለዚህ አመሻሽ ላይ፣ እጅ ሞቅ ሲል ይለኩ። በአንድ ቀን አይጨርሱት፤ በተለያዩ ሦስት ቀናት ይለኩና መካከለኛውን ይያዙ። ወርቅ ቤት ያሉትን የመለኪያ ቀለበቶች መሞከር ከሁሉ ይሻላል። ቤት ውስጥ ከሆነ ክር አይጠቀሙ፣ ይሳባል። ከደብተር ወረቀት 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ቁራጭ ይቁረጡ፣ በጣቱ ሥር ይጠምጥሙ፣ የተገናኙበትን በእስክርቢቶ ምልክት ያድርጉ፣ ዘርግተው በማስመሪያ ይለኩ። ከዚያ አንጓውንም እንዲሁ። ሥሩ 52፣ አንጓው 56 ሚሊ ሜትር ከሆነ 54 ይያዙ። 54ን ለ3.14 ሲያካፍሉ 17.2 ይመጣል፤ የቀለበቱ የውስጥ ስፋት ማለት ነው። ልክ የሆነ ቀለበት ሲገባ አንጓው ላይ ትንሽ ይታገላል፣ ሲወጣም ትንሽ ያስቸግራል፣ ግን አያምም።

አንድ ጊዜ ግን ፈጽሞ አይለኩ፦ በእርግዝና መጨረሻና በአራስነት። ቀለበቱ ልጅ ሲወለድ ወይም በክርስትናው ቀን የሚሰጥ ከሆነ ልኬቱም የሚወሰደው ጣት ባበጠበት ሰሞን ይሆናል። እብጠቱ ሲወርድ ቀለበቱ ይላላል። ስጦታውን ለመስጠት ከተቸኮለ ግማሽ ዙር ይሁን፤ ሙሉ ዙር ከሆነ ጥቂት ወራት ይቆይ።

ዘመድ ከውጭ ሲልክስ?

አሜሪካ ያለች እህት «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ስትል «54» ተብሎ ቢመለስላት አይገባትም፤ 54 የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ የዙሪያው ሚሊ ሜትር። አሜሪካ ቁጥሩ 6፣ 7፣ 8 እያለ ይሄዳል፣ እንግሊዝ ደግሞ በፊደል ነው። የአሜሪካ 6 የውስጥ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር፣ 7 ደግሞ 17.3፣ 8 ደግሞ 18.1 ገደማ ነው። ከስህተት የሚያድነው የውስጥ ስፋቱን በሚሊ ሜትር መላክ ነው። ሚሊ ሜትር የትም አገር ሚሊ ሜትር ነው።

ፈርጡ በምን ተይዟል?

ውበቱም ዕድሜውም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አራት መንገዶች በብዛት ይታያሉ።

በጥፍር የተያዘ፦ ከወርቁ የተነሱ ቀጫጭን ጥፍሮች ፈርጡን ከላይ ቆንጥጠው ይይዙታል። ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚገባ ከሁሉም ይበልጥ ያበራል። ጥፍሩ ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቀጭን ነገር ነው፤ ይበላል፣ ይነሳል፣ ነጠላ ይስባል። የነጠላ መሳቡ እንደ ምልክት ይጠቅማል። ትናንት ያልሳበ ቀለበት ዛሬ ክር ከጎተተ አንድ ጥፍር ተነስቷል ማለት ነው፤ ፈርጡ ሳይወድቅ ወደ አንጥረኛ ይሂዱ።

በቦይ የተያዘ፦ ፈርጦቹ በሁለት የወርቅ ግድግዳ መካከል እንደ ውኃ ቦይ ተሰልፈው ይቀመጣሉ። ነጠላ አይስብም፣ አጠገብ ያለ ጣትንም አይፍቅም። ድክመቱ መጣመም ነው። ግድግዳው ትንሽ ከተከፈተ አንዱ ፈርጥ ይወድቃል፣ ጎረቤቶቹም ቦታ ስላገኙ መንሸራተት ይጀምራሉ።

እንደ ኮብልስቶን የተነጠፈ፦ እጅግ ደቃቅ ፈርጦች ተጠጋግተው፣ ከወርቁ በተነሱ ጥቃቅን ፍሬዎች ተይዘው ይነጠፋሉ። ወርቁ አይታይም ማለት ይቻላል። ለዓመት በዓል ያምራል፤ ለየቀኑ ሥራ ግን ከሁሉም ደካማው ይኸኛው ነው።

በከንፈር የታቀፈ፦ እያንዳንዱ ፈርጥ ዙሪያውን በስስ የወርቅ ከንፈር ይከበባል። ብልጭታው ይቀንሳል፣ ጥንካሬው ይጨምራል። በእጇ ብዙ ለምትሠራ ሴት የሚመከረው ይኼኛው ነው፣ በግማሽ ዙር ሆኖ።

የቀለበቱ ውፍረት የሚጠየቀውም እዚህ ጋ ነው። ክብ ፈርጥ ጥልቀቱ የስፋቱ 60 በመቶ ገደማ ነው። ባለ 2 ሚሊ ሜትሩ 1.2 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይገባል፤ ከሥሩ ወርቅ እንዲተርፍ ቀለበቱ ቢያንስ 1.7 ወይም 1.8 ሚሊ ሜትር መወፈር አለበት። ለ3 ሚሊ ሜትር ፈርጥ 2.3 ያስፈልጋል። ሲገዙ ካሊፐር በተባለው የውፍረት መለኪያ ይለካልዎት። አንዳንዴ ቀለበቱ የሚረክሰው ከዚህ ውፍረት ላይ ተቀንሶ ነው።

ካራት ስንት ዓይነት ነው?

ሁለት። በአንድ ስም ስለሚጠሩ ግራ ያጋባሉ። የወርቁ ካራት ንጽሕና ነው፦ 24 ንጹሕ ወርቅ፣ 21 ከሺሕ 875 እጅ ወርቅ፣ 18 ደግሞ 750 እጅ። የፈርጡ ካራት ግን ክብደት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። «18 ካራት፣ 1 ካራት» ቢባል ተመሳሳይ ነገር አይደለም።

ለዚህ ቀለበት 18 ካራት ወርቅ ከ21 ይሻላል። 21 ሲሸጥ ዋጋ ያወጣል፣ ቀለሙም ደማቅ ነው፤ ነገር ግን ይለሰልሳል፣ ደቃቅ ጥፍር ሲሠራበት ቶሎ ይታጠፋል። ነጭ ወርቅ ከሆነ ነጭነቱ አብዛኛውን ጊዜ ሮዲየም የተባለ ሽፋን ነው፤ ሲፋቅ ቢጫነት ብቅ ይላል፣ እንደገና ማስነከር ያስፈልጋል።

በሚዛኑ ላይ ደግሞ ዓይንዎን ይጣሉ። ከላይ ያየነው ባለ 29 ፈርጥ ቀለበት በ18 ካራት ወርቅ ከ2 እስከ 3 ግራም ይመዝናል። ፈርጦቹ አልማዝ ከሆኑ አንድ ላይ 0.18 ግራም ገደማ ናቸው። ዚርኮን (ገበያው እንዲህ የሚለው ኪዩቢክ ዚርኮኒያ የተባለውን ሰው ሠራሽ ፈርጥ ነው) ከሆኑ፣ ከአልማዝ ስለሚከብድ፣ 0.3 ግራም ይደርሳሉ። ቀለበቱ ከነፈርጡ ተመዝኖ በወርቅ ዋጋ ከተሰላ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ የሚሆነው ለዚርኮን የተከፈለ የወርቅ ዋጋ ነው። ደረሰኙ ላይ የወርቁ ካራት፣ የወርቁ ግራም ለብቻ፣ የፈርጡ ዓይነት፣ ብዛትና ስፋት በሚሊ ሜትር ይጻፍ። ሁለት ትርፍ ፈርጥም ይቀበሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ ቢወድቅ በቀለምም በመጠንም የሚገጥም ማግኘት ከባድ ነው።

አልማዝ፣ ዚርኮን ወይስ የወሎ ኦፓል?

«አልማዝ» የሚለው ቃል ለሚያበራ ነገር ሁሉ ስለሚባል ቁርጥ አድርገው ይጠይቁ። አለመጫርን ከ1 እስከ 10 በሚለካው የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ነው፣ ሩቢና ሳፋየር 9፣ ዚርኮን 8 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ዚርኮን ሲገዛ ያብረቀርቃል፤ በጥቂት ዓመት ግን ጠርዙ ይደበዝዛል። ርካሽ መሆኑ ነውር የለውም፣ ችግር የሚሆነው በአልማዝ ዋጋ ሲሸጥ ነው። አንድ ነገር ይታወቅ፦ በሙቀት የሚሠራው የአልማዝ መፈተሻ ሞይሳናይት የተባለውን ፈርጥም «አልማዝ» ብሎ ያሳልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ መውጣት የጀመረው የወሎ ኦፓል ውብ ነው፤ የአገር ነገር በመሆኑም ልብ ይስባል። ለዚህ ቀለበት ግን አይመከርም። ጥንካሬው 6 ገደማ ነው፣ የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ጥቃቅን አሸዋ ደግሞ 7። ከዚህ በላይ ውኃ ይመጣል፤ ሲረጥብ ቀለሙ እየጠፋ መስታወት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ቅባትም ወጥም ይጠጣል፣ እሱ ደግሞ አይመለስም። ኦፓል ለአንገት ሐብልና ለጆሮ ይሁን።

ከጋብቻ ቀለበት ጋር አንድ ጣት ላይ ይደረጋል?

ይደረጋል፣ ግን ይፋቃሉ። በጥፍር የተያዙ ፈርጦች ጎናቸው ስለሚወጣ ለስላሳውን የጋብቻ ቀለበት እንደ ሞረድ ይበሉታል፤ 21 ካራት ከሆነ ይበልጥ። በመካከላቸው 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተራ ቀጭን ቀለበት ማስገባት፣ ወይም በቦይ የተያዘውን መምረጥ ይሻላል። ሌላኛው እጅ ላይ ማድረግም ይቻላል፣ ግን የምንበላው በቀኝ እጅ ነው፤ ቀኝ ላይ የሆነ ባለፈርጥ ቀለበት በየማዕዱ ወጥ ያገኘዋል።

መቼ ይውለቅ?

ሊጥ ሲቦካ። ሊጡ ከፈርጦቹ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብቶ ይደርቃል፣ ብርሃኑን ከኋላ ይዘጋል። ፀጉር ቅቤ ሲቀባም እንዲሁ፦ አልማዝ ቅባት የሚወድ ድንጋይ ነው፣ ቅቤው ተጣብቆ ይቀርበታል። እንሶስላ ሲሞቅ ወይም ሂና ሲደረግ ይውለቅ። ከሁሉም በላይ በበረኪና ሲታጠብ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ንጹሑን ወርቅ ብዙ አይነካውም፤ ከወርቁ ጋር የተደባለቀውን መዳብና ሌላ ብረት ግን ይበላዋል። ቀጭን ጥፍር እየተሰባበረ ፈርጥ የሚረግፈው፣ ባለቤቷም «ምንም ሳልነካው» የምትለው በዚህ ነው። የወለቀው ቀለበት የገንዳ ጠርዝ ላይ አይቀመጥ፤ ቋሚ ቦታ ይኑረው።

እንዴት ይጸዳል?

በሳህን ለብ ያለ ውኃ፣ ሁለት ጠብታ ላርጎ። 15 ወይም 20 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ይዘው በተለይ ከውስጥ በኩል፣ ከፈርጡ ሥር ይጥረጉት፤ ቆሻሻው ያለው እዚያ ነው። በሌላ ሳህን ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ። ቧንቧ ሥር አይታጠብ፣ የላላ ፈርጥ ካለ ውኃው ይዞት ይሄዳል። አመድ፣ የጥርስ ሳሙናና ሎሚ አይንኩት። ኤመራልድ ወይም ኦፓል ካለበት መዘፍዘፍ ይቅር፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ።

ካደረቁት በኋላ ጆሮ አጠገብ ይዘው በጣት መታ መታ ያድርጉት። ዝም ካለ ደኅና ነው። ጥቂት እንኳ ከተንቀጫቀጨ ልል ፈርጥ አለ። ምንም ባይሰማም በዓመት አንድ ጊዜ አንጥረኛ በአጉሊ መነጽር ይየው።

ጣት ላይ ተጣብቆ አልወጣ ቢልስ?

በኃይል አይጎተት፣ አንጓው ይበልጥ ያብጣል። እጅን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መቆየት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ከዚያ ሳሙና ወይም ዘይት ቀብቶ እያሽከረከሩ ማውጣት። ካልሆነ ቀጭን ክር ይምጣ። ጫፉን በቀለበቱ ሥር ወደ መዳፍ ያሾልኩት፤ ረጅሙን ክር ከቀለበቱ ጀምረው አንጓውን እስኪያልፍ ጥብቅ አድርገው ይጠምጥሙት። የሾለከውን ጫፍ ይዘው ወደ ጣት ጫፍ አቅጣጫ ሲፈቱት ቀለበቱን እየገፋ ያወጣዋል።

ጣቱ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ግን ክርም ዘይትም ይቅርና ወደ ጤና ተቋም ይኬድ። እዚያ ቀለበት መቁረጫ ካለ፣ ለሚቆርጠው ባለሙያ ቀለበቱ ሙሉ ዙር መሆኑን ይንገሩት። መቁረጫው ወርቅ ይቆርጣል እንጂ አልማዝ አይቆርጥም፤ ምላጩ መግባት ያለበት በሁለት ፈርጦች መካከል ነው። ሲሠራ ባዶ ወርቅ የተተወለት ከሆነ ደግሞ በዚያ በኩል ይቆረጥ፤ አንጥረኛው በኋላ መልሶ ይበይደዋል።